ከሠርጉ ወዲያ፣ ከመቃብሩ ወዲህ

ፍርድ ቤት የፍቺውን ውሳኔ ከሰጠን ሁለት ወር ሳይሞላ የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ቤቴ መጡ። ጥሩ ሰው ናቸው፤ ዐሥራ አንድ ዓመት ያውቁኛል። ቡና አፍልቼ አቀረብኩ። ሁለተኛው ላይ ሲደርሱ ጉሮሯቸውን ጠረግ አድርገው፣ «የኔ ልጅ፣ መዋጮው እንግዲህ በማን ስም ይቀጥል?» አሉኝ። መዝገቡ ላይ ያለው የእሱ ስም ነው። ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሽንኩርት ስከትፍ፣ ንፍሮ ስቀቅል፣ ለቅሶ ቤት ስመላለስ የኖርኩት በእሱ ስም ሥር ነበር ማለት ነው። «በኔ ስም ይሁን» ልል አፌን ስከፍት ቀደሙኝ፤ «ወይስ ለጊዜው እንዲሁ እንተወው? ማን ያውቃል፣ ትታረቁ ይሆናል።» «እሺ ጋሼ» አልኩ። አመስግኜም ሸኘኋቸው።

ማታ ተናደድኩ። በሳቸው አይደለም፤ በራሴ «እሺ ጋሼ» ነው። ሥራዬ መጻሕፍት ማንበብና ስለ መጻሕፍት መጻፍ ነው። የሰው ዓረፍተ ነገር ስመዝን የምውል ሰው፣ ለዚያች ደቂቃ የሚሆን አንድ የራሴ ዓረፍተ ነገር አጣሁ። የጎደለኝ ድፍረት ብቻ እንዳልነበረ የገባኝ ቆይቶ ነው። እንደዚያ ያለ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ቡና እየቀዳች፣ የምትናገር ሴት አንብቤ አላውቅም ነበር። ያነበብኩት ሁሉ ወይ እዚያ ሳይደርስ ያበቃል፣ ወይ አልፎት ሄዶ ይጀምራል።

ይህ ጽሑፍ ከዚያ ወዲህ ያለፈውን አንድ ዓመት መለስ ብሎ የሚያይ ነው። የትዳሬ ታሪክ ግን አይደለም። ትዳርን ለመተረክ ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ እዚህ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ። የማወራው በዚያ ዓመት ስላነበብኩትና ስላየሁት ነው፤ ምን እንደሰጠኝ፣ ምን እንደነፈገኝ።

* * *

መጀመሪያ የደረሱኝ መጻሕፍት አልነበሩም። ጓደኞቼ በቴሌግራም የላኩልኝ አጫጭር ቪዲዮዎች ነበሩ። ሴትየዋ ካሜራ ፊት ትቀመጣለች፤ «ከተፋታሁ ዛሬ አንድ ዓመት ሆነኝ» ትላለች። የድሮ ፎቶ ይመጣል፤ የከሳ ፊት፣ ያበጠ ዓይን። ከዚያ ሙዚቃው ይቀየራል። ጂም፣ አዲስ ፀጉር፣ የዱባይ ሽርሽር፣ አዲስ ሥራ። መጨረሻ ላይ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እናንተም ትችላላችሁ»።

በነዚህ ልጆች መሳለቅ ቀላል ነው፤ አልሳለቅም። በአማርኛ ስለ ፍቺ ማግሥት በአደባባይ የሚናገሩ ከነሱ በቀር ብዙ ሰው አላገኘሁም። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሳምንታት እነሱን እያየሁ ነው የገፋሁት። ቅርጹ ግን ቀስ በቀስ ይከብድ ጀመር። ሁሉም የምስክርነት ቅርጽ ነው፤ እንዲህ ነበርኩ፣ እንዲህ ሆንኩ። በነበርኩና በሆንኩ መካከል ያለው ነገር በሙዚቃ ይሸፈናል። እኔ ደግሞ የነበርኩት እዚያ መካከል ውስጥ ነው። ማታ ማታ የውኃ ቆጣሪው ለምን እንደሚዞር ሳይገባኝ ከግቢ ቆሜ የማየው እኔ ነኝ። ልጄ «አባዬ ዛሬ ይመጣል?» ስትል መልስ የምፈልገው እኔ ነኝ። የሙዚቃው መቀየሪያ አልመጣም።

ሌላም ነገር አስተዋልኩ። የቪዲዮዎቹ መጨረሻ የሠርግ ቪዲዮ ይመስላል። ልብሱ፣ መኪናው፣ ፈገግታው፣ የሚያጨበጭበው ሕዝብ፤ የጎደለው ሙሽራው ብቻ ነው። ከትዳር የወጣችው ሴት ታሪኳን ተቀባይነት እንዲያገኝ አድርጋ ልትነግረን የቻለችው የሠርጉን ቅርጽ ተበድራ ነው። ሌላ የምትበደረው ቅርጽ ማን ሰጣት?

* * *

እኛ ደራስያን፣ ሐያስያንና መምህራን አልሰጠናትም። ከትምህርት ቤት ጀምሮ በእጃችን የገቡትን ሥራዎች ቆጠርኩ። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የምንለው፣ በ1900 ሮም የታተመው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ»፣ ብዙዎቻችን «ጦቢያ» የምንለው፣ ከብዙ መለያየትና ፍለጋ በኋላ በሠርግ ይዘጋል። የኅሩይ ወልደ ሥላሴ «አዲስ ዓለም» ከፈረንሳይ አገር ተምሮ የተመለሰ ወጣት ይዞ የሚታገላቸው ሁለት ትልልቅ ድግሶች ሠርግና ተዝካር ናቸው። የመንግሥቱ ለማ ሁለቱ ኮሜዲዎች፣ «ጠልፎ በኪሴ» እና «ያላቻ ጋብቻ»፣ ገና በርዕሳቸው የሚጠይቁት ማን ማንን፣ እንዴት ያግባ የሚለውን ነው። በ1958 የወጣው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ደግሞ መጨረሻውን ርዕሱ ላይ ጽፎታል።

ሠርግና መቃብር። ሁለቱም ድንኳን የሚተከልባቸው፣ እድር የሚመጣባቸው፣ ሕዝብ የሚሰበሰብባቸው ቦታዎች ናቸው። ፍቺ ድንኳን የለውም። ማንም አይጠራም፣ ማንም ንፍሮ ይዞ አይመጣም። ልብ ወለዳችን ድንኳን የሌለበት ቤት መግባት ያፈረ ይመስለኛል።

ለነዚህ ደራስያን ፍትሐዊ መሆን አለብኝ። የእነሱ ጦርነት ሌላ ነበር። ልጅን በዘርና በሀብት መዝኖ መዳርን፣ ጠለፋን፣ ድሀን ከሰው አለመቁጠርን ሲዋጉ፣ «ሰው የወደደውን ያግባ» ማለት ራሱ በቂ ድፍረት ነበር። ወዶ የተጋባው ሰው ከዐሥር ዓመት በኋላ ምን ይሆናል የሚለው ጥያቄ ቅንጦት ነው፤ መጀመሪያ መጋባት ይኑር። እኔና እሱ ግን የነዚያ መጻሕፍት ልጆች ነን። ወደን ተጋባን። ማንም አልዳረንም፣ ማንም አልከለከለንም። መጻሕፍቱ ያሸነፉልን ጦርነት ካበቃበት ቦታ ጀመርን፤ ከዚያ ወዲያ ካርታ አልነበረንም።

ሁለታችንም ወደ ትዳር የገባነው «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ይዘን ነው። ሁለት ቅጂ ምን ያደርጋል ብለን የእኔን ለእህቴ ሰጠናት። የእሱ ቀረ። ዐሥራ አንድ ዓመት በሁለታችን እርሳስ ኅዳጉ ተሞላ። ዕቃ ስንከፋፈል በሶፋው አልተጨቃጨቅንም፣ በፍሪጁም አልተጨቃጨቅንም። በዚያ መጽሐፍ ላይ ግን ሁለታችንም ዝም አልን። ከትዳር በፊት የነበረ ንብረት የባለቤቱ ነው፤ በሕጉም በይሉኝታውም የእሱ ነበር፤ ወሰደው። ከወራት በኋላ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ካሉት የአሮጌ መጽሐፍ ነጋዴዎች ሌላ ቅጂ ገዛሁ። ንጹሕ ነው፣ ማንም አልጻፈበትም።

ንጹሑን ቅጂ ሳነብ፣ ድሮ «አይ ፍቅር!» ብዬ በኅዳጉ የጻፍኩበት ቦታ ላይ ስደርስ ሌላ ነገር ታየኝ። በዛብህና ሰብለ ወንጌል አንድ ጎጆ ውስጥ አብረው የኖሩበት ዘመን የለም። «ለምን አመሸህ?» የለም፣ የቤት ኪራይ የለም፣ የታመመ ልጅ ይዞ ማደር የለም። ፍቅራቸው እስከ መቃብር የዘለቀው በኑሮ ስላልተፈተነ ነው ብል ድፍረት ይሆንብኛል፤ መጽሐፉ የሚከሰው ያን ኑሮ የነፈጋቸውን ሥርዓት ነውና። አንባቢዎቹ ግን ክሱን ትተን ርዕሱን ወሰድን። ከምኑም ከምኑም ይልቅ «እስከ መቃብር» የምትለዋ ቃል የትዳር መለኪያ ሆነች። ከመቃብር በፊት ያለቀ ነገር ሁሉ ፍቅር ያልነበረ፣ ውሸት የነበረ ሆነ። በዚህ ዓመት ከሰማኋቸው ሁሉ የከበደኝ «ድሮም አትዋደዱም ነበር ማለት ነው» የሚለው ነው። እንዋደድ ነበር። ከዚያ አለቀ። ይህን ዓረፍተ ነገር የሚሸከም መጽሐፍ ፈለግኩ።

* * *

ሕጉ ከልብ ወለዱ ቀድሟል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልና ሚስት ተስማምተው እንዲፋቱ አይፈቅድም ነበር። ምክንያት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ከባድና ቀላል ተብሎ በቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ይመዘናል፤ ጥፋተኛ የተባለው ደግሞ በንብረት ክፍፍሉ ሊቀጣ ይችላል። ባጭሩ፣ ለመፋታት ጥፋተኛ ያሻል። በ1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ ሁለት ሰዎች ተስማምተው «በቃን» እንዲሉ፣ ምክንያቱንም እንዲናገሩ እንዳይገደዱ ፈቀደ። ፍርድ ቤቱ እንዲያስቡበት እስከ ሦስት ወር የሚደርስ ጊዜ ሊሰጣቸው ይችላል። እኛም ተሰጥቶን ነበር።

የሚገርመው፣ ሕጉ ጥፋተኛ መፈለግ ካቆመ ይህን ያህል ዘመን ሆኖት ተረቶቻችን ግን አሁንም በ1952 ሕግ ነው የሚፈርዱት። ፊልሙም፣ የሬዲዮ ድራማውም፣ የጎረቤት ወሬውም «ማን አጠፋ?» ብሎ ይጀምራል። እሱ ጠጪ ነው፣ ወይ እሷ ዓይኗ ውጪ ነው፣ ወይ አማት ገብታለች። እድሩ ጸሐፊም፣ እናቴም፣ የነፍስ አባታችንም በየተራ የፈለጉት ይህን ነው፤ አንድ ጥፋተኛ ስጪን፣ ነገሩ ይግባን።

የቋንቋችንም አመል አለበት። ትዳር በአማርኛ ቤት ነው፤ ይመሠረታል፣ ጎጆ ይቀለሳል፣ ሲያልቅ ይፈርሳል። የፈረሰ ቤት ደግሞ አፍራሽ አለው። ግን ሌላ ቃል አለን፤ በዚህ ዓመት ደጋግሜ የተመለስኩበት። ፍቺ። መፍታት። የታሰረ ይፈታል፣ ትጥቅ ይፈታል፣ ጾም ይፈታል፣ እንቆቅልሽ ይፈታል፣ ሕልም ይፈታል፣ ቅኔም ይፈታል። የጨነቀውን ሰው «ፈታ በል» እንለዋለን። ለሞተ ሰው ፍታት ይደረግለታል። ግዕዙ ፈትሐ ደግሞ ፈታም ፈረደም ማለት ነው፤ ፍትሕ የምንለውም ከዚያው ነው። መዝገበ ቃላት ስንከፍት የቃሉን «ፍቺ» እንፈልጋለን እንጂ «ፍርስራሽ» አንፈልግም። ወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት ሄጄ የተሰጠኝ ወረቀት አናት ላይ ያለው ቃልና የማንኛውም ቅኔ መምህር ከተማሪው የሚጠይቀው ቃል አንድ ነው።

ይህን ስል ፍቺን ማሳመሬ አይደለም። ቃሉ ሁለት ትርጉም ስላለው ሕመሙ አይቀንስም። ነገር ግን «ማን አፈረሰው?» እና «ምን ማለት ነበር?» ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። የመጀመሪያው ዳኛ ይፈልጋል፤ ሁለተኛው አንባቢ ይፈልጋል። ዓመቱን ሙሉ ስፈልገው የነበረው ሁለተኛውን የሚጠይቅ መጽሐፍ ነው።

* * *

ያገኘሁት ዳካር ነው። የሴኔጋሏ ማሪያማ ባ በ1979 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በፈረንሳይኛ ያሳተመችው፣ ርዕሱን ወደ አማርኛ ብመልሰው «እንዲህ ያለ ረጅም ደብዳቤ» የምለው አጭር ልብ ወለድ። ደራሲዋ ራሷ የዘጠኝ ልጆች እናት ሆና የተፋታች ሴት ነበረች፤ መጽሐፉ በታተመ በሁለት ዓመቱ ዐረፈች። የድሮ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ የእንግሊዝኛውን ትርጉም አውሳኝ፣ በሁለት ሌሊት ጨረስኩት፤ ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ ደግሜዋለሁ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ራማቱላይ የምትባል አስተማሪ ባሏ ሞዱ ሞቶባት፣ በእስልምናው ሥርዓት አራት ወር ከዐሥር ቀን ቤት ተቀምጣ፣ ለልጅነት ጓደኛዋ ለአይሳቱ ትጽፋለች። ሞዱ ግን የሄደው ከመሞቱ ዓመታት ቀደም ብሎ ነው። ከ25 ዓመት ትዳርና ከ12 ልጆች በኋላ የትልቋ ልጃቸውን ጓደኛ ቢንቱን አግብቶ ከቤት ወጣ፤ ተመልሶም አልመጣም። የአይሳቱም ባል ማውዶ በእናቱ ግፊት ሁለተኛ ሚስት አገባ። አይሳቱ ደብዳቤ ጽፋ፣ አራት ወንዶች ልጆቿን ይዛ ወጣች። ራማቱላይ ቀረች። መጽሐፉ የቀረችው ለሄደችው የምትጽፈው ነው።

ራማቱላይ አልተፋታችም፤ ታዲያ ለምን የፍቺ መጽሐፍ እለዋለሁ? ምክንያቱም ፍቺው ከወረቀቱ በፊት ሲሆን የሚታይበት መጽሐፍ ስለሆነ ነው። ሁለት ትዕይንቶችን ልጥቀስ።

በመጀመሪያው፣ ሦስት ወንዶች የክት ልብሳቸውን ለብሰው ቤቷ ይመጣሉ። ኢማሙ፣ የሞዱ ወንድም ታምሲር፣ እና ማውዶ። ዙሪያ ጥምጥም ከሄዱ በኋላ ሞዱ ያን ዕለት ሁለተኛ ሚስት ማግባቱን ይነግሯታል። ራማቱላይ ምን ታደርጋለች? ውስጧ እየነደደ ፈገግ ትላለች፤ ታመሰግናቸዋለች፤ ትሸኛቸዋለች። ይህን ሳነብ መጽሐፉን አስቀምጬ ተነሣሁ። «እሺ ጋሼ» በፈረንሳይኛ ተጽፎ፣ በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ፣ ከዳካር አዲስ አበባ መጣልኝ።

በሁለተኛው ትዕይንት፣ ዓመታት አልፈው፣ ሞዱ ከሞተ ከአርባ ቀን በኋላ፣ እነዚያው ሰዎች ይመለሳሉ። ታምሲር የወንድሙን ሚስት እንደ ዕቃ ሊወርስ፣ «አገባሻለሁ» ሊላት መጥቷል። አሁን ትናገራለች። ሠላሳ ዓመት የታመቀ ድምፅ ይወጣል፤ ታምሲር ሊያስቆማት ቢሞክርም አትቆምም፤ ጨርሳ ስታበቃ ደንግጦ ይወጣል።

ያው ሰዎች፣ ያችው ሴት። ልዩነቱን ማን አመጣው? ብዙ ጊዜ ስለዚህ መጽሐፍ ሲወራ መልሱ ትምህርቷ፣ ወይ የሴቶች መብት ንቃቷ ይሆናል። እኔ ግን ከታምሲር ትዕይንት ጥቂት ምዕራፎች ቀደም ብላ ያለች፣ ብዙ ሰው የሚዘላት አጭር ቦታ ላይ ነው የማገኘው። ራማቱላይ ብቻዋን ስትቀር ያደረገቻቸውን ትዘረዝራለች። የመብራትና የውኃ ክፍያ ለመክፈል ተሰለፈች፤ ሰልፉ ውስጥ ሴት እሷ ብቻ የሆነችበት ጊዜ አለ። የተበላሸ ቁልፍና መቀርቀሪያ አስቀየረች፣ ቧንቧ ሠሪ ፈለገች። በአውቶቡስ ተጋፋች። ሲኒማ ብቻዋን ገባች፤ ሰዎች ዞረው አዩዋት፤ ፊልሙን አየች። ማታ ሬዲዮ አዳመጠች። ያ ነው። ሙዚቃው አይቀየርም፣ ድል አይታወጅም። ነገር ግን ደራሲዋ ይህን ዝርዝር በሁለቱ የሽማግሌ ትዕይንቶች መካከል ማስቀመጧ በአጋጣሚ አይመስለኝም። ታምሲር ፊት የፈነዳው ድምፅ የተጠራቀመው የመብራት ሰልፍ ላይ ነው። መቀርቀሪያ ያስቀየረች ሴት በሯ የማን እንደሆነ ታውቃለች።

ቪዲዮዎቹ በሙዚቃ የሸፈኑት ቦታ ይህ ነበር። ማሪያማ ባ ሳትሸፍነው ተወችው።

* * *

ይህን ያህል አመስግኜ ቅሬታዬን ካልተናገርኩ ሒስ አይሆንም። ቅሬታዬ አይሳቱ ናት።

የወጣችው እሷ ናት። ከወርቅ አንጥረኛ ቤተሰብ ስለተወለደች የተናቀች፣ ለመቅረት የሚያስችላት ክብር የተነፈጋት፣ ከሁሉም ይልቅ የሚከፋ ነገር የገጠማት እሷ ናት። ከወጣች በኋላ ፈረንሳይ ሄዳ ተማረች፤ በአሜሪካ የሴኔጋል ኤምባሲ አስተርጓሚ ሆነች። አስተርጓሚ! በእኛ ቋንቋ ብናስበው፣ የተፈታችው ሴት ቃል የምትፈታ ሆነች። ከዚህ የበለጠ ምን የሚጻፍ አለ? ግን መጽሐፉ ውስጥ ድምፅዋን የምንሰማው ለባሏ በጻፈችው የስንብት ደብዳቤ ብቻ ነው፤ እሱንም ራማቱላይ ናት የምታስታውስልን። የመጀመሪያው ክረምቷ እንዴት አለፈ? አራቱ ልጆች ስለ አባታቸው ምን ጠየቋት? ሌሊት «ተሳስቼ ይሆን?» ብላ ታውቃለች? አይነገረንም። ለጓደኛዋ መኪና ገዝታ ትልካለች፤ ፊያት 125። ስጦታው ድንቅ ነው፤ ግን አይሳቱን ከሰው ይልቅ ወደ ምሳሌ ያስጠጋታል። የወጣች ሴት ጠንካራ ናት፣ ተሳክቶላታል፣ መኪና ትገዛለች። ሳላስበው ወደ ቪዲዮዎቹ ተመለስኩ።

ልክ አይደለሁም ይሆናል። ደብዳቤ የሚጻፈው ለሌለ ሰው ነው፤ የተቀባይዋ ዝምታ የቅርጹ ዋጋ ነው። መጽሐፉም የሚያልቀው አይሳቱ ነገ ትመጣለች ተብሎ ነው። ራማቱላይ በሐሳቧ ትጠይቃለች፤ ስትመጣ የፈረንጅ ልብስ ለብሳ ይሆን ወይስ ረጅሙን የአገር ቀሚስ? በወንበር ትቀመጥ ይሆን ወይስ ከምንጣፉ ላይ? በሩ ከመንኳኳቱ በፊት መጽሐፉ ይዘጋል። ያም ሆኖ፣ ዋሽንግተን ውስጥ ብቻቸውን ልጅ የሚያሳድጉ፣ ሁለት ፈረቃ ሠርተው ለአገር ቤት ዘመድ ገንዘብ የሚልኩ የራሳችን አይሳቱዎች ስንት እንደሆኑ ስለማውቅ፣ የሷ መልስ ደብዳቤ ሳይጻፍ መቅረቱ ያንገበግበኛል። ልኮልን የሚደርሰን ገንዘቡ ነው፤ ታሪኩ አይላክም።

* * *

ዓመቱ ሊያልቅ ሲል «መለያየት» የተባለውን የኢራናዊውን አስጋር ፋርሃዲን ፊልም ደግሜ አየሁ። በ2011 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የወጣ፣ በርሊን ላይ የወርቅ ድብ፣ በማግሥቱ ዓመት ኦስካር ያገኘ ነው። ድሮ ከእሱ ጋር አይተነው ነበር፤ ያኔ የተከራከርነው ውሸታሙ ማን ነው በሚለው ነበር። አሁን የያዘኝ አከፋፈቱና አዘጋጉ ነው።

ሲከፈት ባልና ሚስቱ፣ ናድርና ሲሚን፣ ዳኛ ፊት ተቀምጠው ይከራከራሉ። ዳኛው ግን አይታይም፤ ካሜራው በዳኛው ወንበር ላይ ነው። የሚናገሩት ለእኛ ነው። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ እሷ ልጇን ይዛ ከአገር መውጣት ትፈልጋለች፣ እሱ የአእምሮ ሕመም የያዘው አባቱን ትቶ መሄድ አይችልም። ፋርሃዲ መጀመሪያውኑ በፍርድ ወንበር ላይ አስቀምጦን፣ ከሁለት ሰዓት በላይ ወንበሩ እንዳይመቸን ያደርጋል። መጨረሻ ላይ የዐሥራ አንድ ዓመቷ ልጃቸው ተርሜ ዳኛ ፊት ትቀርባለች። ከማን ጋር እንደምትኖር ወስናለች። ወላጆቿ ውጪ እንዲጠብቁ ይታዘዛሉ። ናድርና ሲሚን በመተላለፊያው ላይ፣ በመስታወት ተለያይተው፣ ይጠብቃሉ። ስሞቹ ይወርዳሉ። መልሷን አንሰማም።

ድሮ ተናድጄ ነበር፤ «ይነገረን እንጂ!» ብዬ። ዘንድሮ ግን ደራሲው ልጅቷን እንዳከበራት ገባኝ። መልሷ የእኛ አይደለም። የኔም ልጅ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ሰኞ እኔ ጋ፣ ቅዳሜ አባቷ ጋ ናት። ዘመድ ሁሉ ጉንጯን ይዞ «የማን ልጅ ነሽ? ማንን ትወጃለሽ?» ይላታል። አንድ ቀን አክስቴ ስትጠይቃት ዝም ብላ ወደ ውጪ ወጣች። ድሮ ቢሆን «መልሺ እንጂ፣ ነውር ነው» እላት ነበር። አልኩም። ያንን ከፋርሃዲ ነው የተማርኩት፤ ይህን ብቻ እንኳ ቢያስተምረኝ ይበቃኛል።

* * *

እንግዲህ ከዓመቱ የተረፈኝን ልቁጠር። የተሻሻለው ሕግ ሴት ከፍቺ በኋላ 180 ቀን ሳይሞላ፣ ጥቂት የተለዩ ሁኔታዎች ካልተሟሉ በቀር፣ ሌላ እንዳታገባ ይከለክላል፤ ወንዱን አይከለክልም። የኔ 180 ቀን አልፎ ሌላ 180 ቀን ጨመረ፤ ማንም አላገባሁም፤ አዲስ ሰውም አልሆንኩም። ጂም አልገባሁም። የውኃ ቆጣሪው የሚዞረው ከሽንት ቤቱ ጀርባ የሚያፈስ ቧንቧ ስለነበረ ነው፤ አስጠገንኩት። ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል ይባላል፤ ሲለያዩም ከዚያው ባሕር ነው የሚጠጡት። እሱን መንገድ ላይ ሳየው አሁንም መጀመሪያ የሚመጣብኝ ያነበብኩትን መጽሐፍ ልነግረው ነው።

ከሒስ ሥራዬ አንጻር የተረፈኝ አንድ ጥያቄ ነው፤ ለጸሐፍት ሁሉ የምተወው። የአማርኛ ልብ ወለድ ወደ ሠርግ የሚወስደውን መንገድ ጠርጎልናል፤ መቃብሩም ላይ አብሮን አልቅሷል። በሁለቱ መካከል፣ ድንኳን የማይተከልበት፣ ጥፋተኛ የሌለበት፣ ተዋደው የነበሩ ሁለት ሰዎች ዕቃ የሚከፋፈሉበት ቤት አለ። ግቡበት። ጥፋተኛ አትፈልጉለት፤ ፍቺውን ፈልጉ። የአይሳቱን መልስ ጻፉልን።

ባለፈው ወር እድር ስብሰባ ሄድኩ። ከስብሰባው በኋላ ጸሐፊውን ጠብቄ፣ «ጋሼ፣ መዝገቡን በኔ ስም ያድርጉልኝ፤ እሱም የሰፈር ሰው ነው፣ ከፈለገ ለብቻው ይመዝገብ» አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና፣ «መመዝገቢያ እንደ አዲስ ትከፍያለሽ» አሉ። «እከፍላለሁ» አልኩ። እስክሪብቷቸው አልጽፍ ስላላቸው የኔን ሰጠኋቸው፤ ስሜን ከነአባቴ ጻፉት።